ቁልቁለቱን ብቻ ሳይሆን ዳገቱንም ንገሩን



ዛሬ የምጽፈው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። «ኡስታዝ ደግሞ ስለ መኪና ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መኪና የለኝም። ያደግኩት መድረሳ ውስጥ ኪታብ ተሸክሜ ነው። ዛሬም ከመስጂድ ወደ ቤቴ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ሲመሽብኝ በባጃጅ። ነገር ግን ባለፈው ወር አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ያመጣው ጠብ መስጂዳችን ድረስ መጣ። እኔም ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለት ከበደኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጀመዓችን አንድ ሰው ነው። እዚሁ ደሴ ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም «ሐጂ» ብለን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃቸው ነው፤ ስማቸውን ግን አላነሳም።

ሐጂ ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ሲነሳ ይስቁ ነበር። «የልጅ መጫወቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ታያላችሁ፣ ዝናብ ሲመታው ቆሞ ይቀራል» ይሉ ነበር። ለብዙ ዓመት የነዷት አሮጌ ኮሮላ ነበረቻቸው። በጥር 2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል እንኳ «የኔዋ ትበቃኛለች» ብለው ነበር።

ያሸነፋቸው የማደያው ወረፋ ነው። አንድ ሌሊት ቤንዚን ፍለጋ ተሰልፈው አድረው ሱብሒን እዚያው ከመኪናቸው አጠገብ ሰገዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2017፣ የቤንዚን ዋጋ በሊትር ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ሰሞን ለዕቃ አዲስ አበባ ወርደው የእህታቸው ልጅ በኤሌክትሪክ መኪና ሲያዞራቸው ዋለ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ሦስት ወር ሳይሞላ ኮሮላዋ ተሸጠች፤ ከቻይና የመጣች፣ ትንሽ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ግቢያቸው ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ከዒሻ ሶላት በኋላ ዚክሩን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሐጂን መኪና ከቦ ይቆማል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያወሩት ስለ ድምፅዋ ነበር፤ ድምፅ የላትም። በመጀመሪያው ወር ስለ ጋራዥ ሆነ፤ «ዘይት መቀየር የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጋ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ!» በሦስተኛው ወር ደግሞ ስለ ባትሪ ዓይነትና ስለ ቻርጀር ከዩቲዩብ የሰሙትን ያስተምሩን ጀመር። ማሻአላህ፣ በሃምሳ ዓመታቸው አዲስ ዒልም ጀመሩ ብለን ተደስተናል።

በኋላ ያ ቪዲዮ መጣ። ሐጂ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ዳሽቦርዱን በስልክ አስቀረጹ። ደሴ ሲነሱ ባትሪው 61 ከመቶ ይላል፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱም 61 ከመቶ ይላል። «አያችሁ ወይ፣ በነጻ ነው የምነዳው!» ይላሉ በቪዲዮው ውስጥ። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ ወጣቱ ሁሉ አየው።

ወንድሞች፣ ቪዲዮው ውሸት የለበትም። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ይሠራል፤ ፍሬኑ በሙቀት የሚያባክነውን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪ ያስገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ። ከስድስት መቶ ሜትር በላይ የሚወርድ መኪና ባትሪው ባይቀንስ አይገርምም።

ግን ሐጂ በዚያው ቀን ተመልሰው ደሴ ወጥተዋል። ሲደርሱ ዳሽቦርዱ 46 ከመቶ ይል ነበር። በሜዳ ላይ ለዚያ ርቀት ከሚበቃው እጥፍ ያህል በላ ማለት ነው። ቁልቁለቱ የሰጣቸው ዳገቱ ከሚወስደው ላይ የተበደሩትን ነው። የዳገቱን ቪዲዮ ግን አልቀረጹም። ተንኮል ኖሯቸው አይደለም፤ የወደደ ሰው የወደደውን መልካም ጎን ብቻ ያያል።

ዛሬ ማለት የምፈልገው ነገር ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነገር ነው። የባለቤቶቹም ደስታ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱን እያሳየ ዳገቱን የሚተው ደስታ ሌላውን ሰው ይጎዳል። እንዴት እንደሚጎዳ ላውጋችሁ።

በሰፈራችን ባጃጅ የሚነዳ አንድ ልጅ አለ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት። ከሐጂ መኪና አጠገብ ከማይጠፉት አንዱ ነበር። ስንት ትፈጃለች ብሎ ሲጠይቃቸው «አይታወቅህም፣ ነጻ በለው» አሉት። ባጃጁን ሸጠ። የሚስቱን ወርቅ ሸጠ። ከአጎቱ ተበደረ። ያገለገለች አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ መካከል መሥራት ጀመረ።

ልጁ የሚኖረው በኪራይ ነው። ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እኩል ይካፈላሉ። መኪናውን በየሌሊቱ ከክፍሉ ሶኬት በኤክስቴንሽን እየሰካ ያሳድር ነበር። በሁለተኛው ወር ሒሳቡ ሲመጣ ግቢው ተናወጠ። ያም ሳይበርድ አንድ ሌሊት ሱብሒ ሲቃረብ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሳቸው። ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሦስት ልጆች ተኝተው ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አተረፋቸው።

የቤቱ ባለቤት፣ በእድሜ የገፉ እናት፣ ልጁን ከቤቱ ሊያስወጡት ተነሱ። ሽማግሌ ይግባ ተባለና ጉዳዩ መስጂድ መጣ። ሐጂም ሽማግሌ ሆነው ተጠርተው ነበር።

እትዬ ያሉት ቃል ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። «እኔ መኪናውን አልጠላሁትም። ልጁንም እንደ ልጄ ነው የማየው። ግን የሱን መኪና የማበላው እኔ ነኝ ወይ?»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ይህን ያህል የሚፈጅ አልመሰለኝም፤ ነጻ በለው ተብዬ ነው» አለ። ማን እንዳለው አልተናገረም። ሐጂ ግን ተቀምጠው ሰምተዋል። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ወንድሞች፣ እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሐጂም በኋላ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው የሠሩት ይህንኑ ነው።

አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከፍ ያለችው ወደ 20 ትጠጋለች። ልጁ በቀን ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ መንገዱ ዳገት ነው። በትንሹ በየሌሊቱ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል እንበል። ይህ ስንት እንደሆነ እናቶቻችን በደንብ ይገባቸዋል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ጊዜ ጋገራ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ልጁ በየሌሊቱ አራት ጋገራ ይጋግር ነበር ማለት ነው። በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። በዚያ ላይ የቤት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ብዙ የፈጀ ቆጣሪ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለውም ከፍ ይላል። አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያላት ጎረቤት የማታውቀውን ዕዳ ተሸከመች። ይህ ሐቅ ነው፣ የሰው ሐቅ።

ታዲያ ኤሌክትሪክ መኪና ውድ ነው? አይደለም። አሮጌ ኮሮላ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ብትጠጣ፣ አንዱ ሊትር በ100 ብር ቢታሰብ 800 ብር ነው። የኤሌክትሪኩን 15 ኪሎዋት ሰዓት አጋንነን አንዱን በ10 ብር እንኳ ብናስበው 150 ብር ነው። ከአንድ አምስተኛ በታች ማለት ነው። ሱብሃነላህ፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው! ለመደሰት ይበቃል። «ርካሽ ነው» ማለት ሐቅ ነው። «ነጻ ነው» ማለት ግን ሐቅ አይደለም። ነጻ የመሰለ ነገር ካለ ሌላ ሰው እየከፈለልን ነው ማለት ነው።

ይህ «ነጻ» የሚለው ቃል ራሳቸውን ሐጂንም አሳስቷቸዋል። ባለፈው ረመዳን ከዙህር እስከ ዐስር መስጂድ ሲቆዩ መኪናቸውን ከውዱእ ቦታው ሶኬት ሰክተው አየሁ። ቀርቤ «ሐጂ፣ ይህ መብራት የወቅፍ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ለማይሞላ ምን ይፈጃል?» አሉኝ። አልተከራከርኩም። ቤት ስደርስ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ተራ የግድግዳ ሶኬት በሰዓት ወደ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ይሆናል። 10 ዋት የሚፈጁ ስድሳ አምፖሎች አሥር ሰዓት ሙሉ የሚበሩበት ማለት ነው። መስጂዳችን ውስጥ ስድሳ አምፖል የለም! ወረቀቱን አሳየኋቸው። «አስተግፊሩላህ» ብለው የሰኩበትን ቀን ሁሉ ቆጥረው ከሚደርስባቸው በላይ ሳጥን ውስጥ ጨመሩ። ሐጂ እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው። ችግሩ ከሰውየው አልነበረም፤ ከቃሉ ነው።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እህል ከሚሸጥ ሰው ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የታዘዘው እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ እንዲደረግ ነው። እህሉን አትሽጥ አልተባለም። እኛም የምንለው መኪናውን አታወድሱ አይደለም። እርጥቡንም ከላይ አድርጉት ነው የምንለው። ምክር የተጠየቀ ሰው ደግሞ አማና ተሸክሟል። ሐጂ ሻጭ አልነበሩም፤ ከልጁ አንድ ብር አላገኙም። ግን ልጁ የሚስቱን ወርቅ የሸጠው በሳቸው ቃል ነው።

እንግዲህ ለመግዛት ያሰበ ወጣት ሁሉ ሊጠይቃቸው፣ የገዛም ሁሉ ሳይጠየቅ ሊናገራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ከሐጂ፣ ከልጁና ከሙያው ሰዎች ሰምቼ የሰበሰብኩት ነው።

1ኛ፦ የት ታሳድረዋለህ? ከባትሪው ዓይነትም ከመኪናው ቀለምም በፊት ይህ ይቅደም። የራስህ ግቢና የራስህ ቆጣሪ ካለህ ግማሹ ጭንቀት ቀለለ። ተከራይ ከሆንክ አከራይህን ሳታናግር አንድ ብር አታስይዝ። ቆጣሪ የምትጋራ ከሆነ ለመኪናህ ብቻ የሚቆጥር ንዑስ ቆጣሪ አስገጥምና የቆጠረውን ክፈል። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ ሞልቶ ያላደረ መኪና ጠዋት ሥራ እንደማይወጣ አስበው።

2ኛ፦ የቤትህ ገመድ ይችለዋል? ምጣድ የሚሰካበት መስመር ለብቻው በወፍራም ገመድ የሚዘረጋው በምክንያት ነው። መኪና ደግሞ እንደ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሠርቶ አይነቀልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። በቀጭን ገመድ፣ በላላ ሶኬትና በኤክስቴንሽን ቻርጅ ማድረግ በእሳት መጫወት ነው። የሚያውቅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከማከፋፈያው ጀምሮ ለብቻው መስመር ይዘርጋ፤ ብሬከር ይግባበት፣ ኧርዝ ይኑረው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ የመኪናው ዋጋ አካል ነው። ከቁልፉ ጋር አብረህ ቁጠረው።

3ኛ፦ በየት መንገድ ትነዳዋለህ? «400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» የሚለው ቁጥር ፋብሪካው በመለኪያ ያገኘው ነው። የቻይናው መለኪያ በተለይ ከመንገዱ እውነት ከፍ ይላል። ዳገት፣ ጭነት፣ ፍጥነትና ብርድ ይቀንሱታል። እኛ የምንኖረው በወሎ ተራራ ላይ መሆኑን አትርሱ። አዲስ አበባ ለመሄድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ጣርማ በርን የሚያክል ከፍታ አለ። ቻርጅ ማድረጊያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። በመንገድህ ላይ የት እንዳለ፣ እንደሚሠራና መሰኪያው ካንተ መኪና ጋር እንደሚገጥም ደውለህ ሳታጣራ አትውጣ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪናዎች መሰኪያ ከአውሮፓው ይለያል፤ ሁሉም ቻርጀር ለሁሉም አይሆንም።

4ኛ፦ ባትሪው በምን ሁኔታ ላይ ነው? ባገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ትልቁ ገንዘብ ባትሪው ነው። ስልካችሁ ከዓመታት በኋላ ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ሁሉ የመኪናውም አቅም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጤንነቱን በመሣሪያ የሚያነብ ባለሙያ ሳያየው አትግዙ። የሆዱን ሥር አንስታችሁ እዩ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ድንጋይ መትቶት እንደሆነ ማጣራት ግዴታ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪው የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ግን ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ በኩል ለመጣ መኪና ያ ዋስትና እዚህ ይሠራል ወይ? ለምሳሌ በከተሞቻችን በብዛት የምናየው የቮልስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው። መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚጠግነው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከ300 ቮልት በላይ የሚሸከም ገመድ ያለበትን መኪና ለማንኛውም የሰፈር ጋራዥ ከፍቶ እንዲሞክር አትስጡ። ሰው ይሞታል።

5ኛ፦ በማን ገንዘብ ትገዛዋለህ? ከሪባ መራቅ የምታውቁት ነው። ከወለድ ነጻ ባንኮች በሙራበሓ መኪና ይሸጣሉ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይህ በአባቶቻችን ዘመን ያልነበረ በር ነው። ሆኖም ሐላል የሆነ ዕዳም ዕዳ ነው። የወር ክፍያው በቁልቁለት ቀን ገቢህ ሳይሆን በዳገት ቀን ገቢህ ይታሰብ። መኪናዋ ቆማ ጥገና በምትጠብቅበት ሳምንት ልጅህ ምን ይበላል? የሚስትህ ወርቅ መህሯ ከሆነ ደግሞ የሷ ንብረት ነው። በደስታዋ ብትሰጥህ እንኳ ሙሉውን ሒሳብ አሳይተሃት ይሁን።

እንዲህ ስል «ኡስታዝ ወጣቱን አስፈራራ» እንዳትሉኝ። የቁልቁለቱንም ልናገር፣ እሱም ሐቅ ነውና።

አገራችን ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። መብራታችን ግን ከ90 ከመቶ በላይ የሚመነጨው ከራሳችን ወንዞች ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ድሃም ሀብታምም ቦንድ ገዝቶ የሠራው ግድብ ነው። በዓባይ ውኃ የሚነዳ መኪና ማየት ለእኔም ያስደስተኛል። በብዙ አገር የኤሌክትሪክ መኪና መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ስለሚመጣ ይከራከሩበታል፤ እኛ ዘንድ ያ ክርክር ብዙ ቦታ የለውም። ኖርዌይም እንደኛ መብራቷ ከውኃ ነው፤ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚያ ከተሸጡት አሥር አዳዲስ መኪናዎች ዘጠኙ ያህል ኤሌክትሪክ ነበሩ። እነሱ ግን ከመኪናው ጋር ቻርጀሩንም በየመንገዱና በየቤቱ ተክለዋል።

ሌላም አለ። በመስጂዳችን በር በኩል የሚያልፈው መንገድ ዳገት ነው። አሮጌ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲወጣው መድረሳ የሚሄዱ ልጆች አፍንጫቸውን በሒጃባቸውና በእጅጌያቸው ይይዛሉ። የሐጂ መኪና ስታልፍ ማንም አፍንጫውን አይዝም። ይህ ኒዕማ ነው። ማርሚታ የሌለው መኪና ለጎረቤት ሐቅ የቀረበ ነው። ለዚህም ነው የኤሌክትሪክ መኪና በጠብና በተቃጠለ ሶኬት ስሙ እንዲነሳ የማልፈልገው።

መስጂዶቻችንና የወቅፍ ኮሚቴዎች አንድ ነገር እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። ብዙ መስጂድ በመንገድ ዳር የሚያከራየው ሱቅና ባዶ ግቢ አለው። የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በባለሙያ የተዘረጋ፣ ዋጋው በግልጽ የተጻፈ ቻርጅ ማድረጊያ ቢተከል መንገደኛው ሶላቱን እስኪሰግድ ይሞላል፤ ወቅፉም ገቢ ያገኛል። ቻርጅ የሚያደርግበት ያጣ ተከራይ ወጣትም ከጎረቤቱ ጋር አይጣላም። ይህ ከውዱእ ቦታው ሶኬት በስውር ከመሰካት ስንት ጊዜ ይሻላል!

ስለ ልጁ ሳልነግራችሁ እንዳልዘጋ። ሽምግልናው በሰላም አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጁ የሁለቱን ወር ልዩነት ለጎረቤቶቹ ሊከፍልና ግድግዳውን ሊያሳድስ ተስማማ፤ እትዬም ከቤቱ አላስወጡትም። ሐጂ ከተቀመጡበት ተነስተው «ነጻ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ። እኔ በበኩሌ በእድሜ ከኔ የሚበልጥ ሰው በሽማግሌ ፊት እንዲህ ሲል ብዙ ጊዜ አላየሁም። ግቢያቸው ውስጥ በወፍራም ገመድ ለብቻው መስመር አስዘረጉ፤ ንዑስ ቆጣሪም አስገቡ። ልጁ አሁን እዚያ ያሳድራል፤ የቆጠረውን ይከፍላል። ሐጂ አያተርፉበትም፤ በነጻም አያሳድሩለትም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ነጻ የሚለውን ቃል ትቻለሁ» ይላሉ እየሳቁ።

ልጁ ገና የአጎቱን ዕዳ አልጨረሰም። ያሰበውን ያህልም አያገኝም፤ ሰዓቱ በቻርጅና በዳገት ይሄዳል። ግን ይሠራል። «ይህን ሁሉ አስቀድመህ ብታውቅ ትገዛት ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና «እገዛት ነበር ኡስታዝ፤ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ወርቋን ሳልነካ» አለኝ።

ከመልሱ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እውነቱን ሙሉውን ብንነግረው ልጁ ከኤሌክትሪክ መኪና አይርቅም ነበር። በጊዜውና በአቅሙ ይገባበት ነበር። ሐቅ ሰውን ከኸይር አያርቅም፤ የሚያርቀው ተታለልኩ የሚል ስሜት ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ደስታችሁን ንገሩን። ቪዲዮውንም ላኩልን። ግን ከኮምቦልቻ ስትመለሱም ስልኩን አብሩት። ስንት ፐርሰንት ይዛችሁ ደሴ እንደገባችሁ አሳዩን፤ የዘረጋችሁት መስመር ስንት እንደፈጀ፣ የወሩ ሒሳብ ስንት እንደመጣ ንገሩን። የሚሰማችሁ ወንድማችሁ ባጃጁን ሊሸጥ ይችላል።

ሐጂ ባለፈው ሐሙስ የዳገቱን ቀርጸው ላኩልኝ። «58 ነበርኩ፣ 44 ገባሁ። ግን ለጭስ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም» ይላሉ በመጨረሻው። እሱንም ለወጣቱ አስተላልፌዋለሁ።

አላህ ንግግራችንን በሐቅ፣ ሪዝቃችንን በሐላል ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።